ለጨቅላዎች ዓይን ሕግ ያስወጡ ሐኪም



በየዓመቱ በዚህ መጽሔታችን የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ወንበር፣ ከእኛ ስለተለዩት ወገኖቻችን፣ አንዳንዴም ስለ ከተማችን ስለ ጅጅጋ የቀድሞ ታሪክ ነው። ዘንድሮ ግን ጸሐፊያችን «እርስዎ በጤና ሥራ ላይ የኖሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ ከሙያዎ አንድ ነገር ቢጽፉልን» ብሎ ስለጠየቀኝ፣ እኔም እምቢ ማለት ስላልሆነልኝ ብዕሬን አንሥቻለሁ። የምጽፈውም በሩቅ አገር ስለኖሩ አንድ የዓይን ሐኪም ነው። ስማቸው ዶክተር ሉሲየን ሃው ይባላል። «ታዲያ የአሜሪካ ሐኪም ለእኛ ለጅጅጋ ሰዎች ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእኛን አገር ደግሞ በእኛው ዓመተ ምሕረት እንደማስቀምጥ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የአንዲት እናት ጥያቄ

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። በ1976 ዓ.ም. ከጅጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ በጤና ረዳትነት እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጧት፣ ገና በሩን እንደከፈትኩ፣ አንዲት የገጠር ሴት የዘጠኝ ቀን ወንድ ልጇን በሻሿ ሸፍና መጣች። የሕፃኑ ሁለት የዓይን ቆቦች አብጠው ተጣብቀዋል። ከመሐላቸውም ወፍራም ቢጫ መግል ይወርዳል። ሴትየዋ በሶማልኛ «ዋላል፣ ዓይኑን ክፈትልኝ» አለችኝ። ዋላል ወንድሜ ማለት እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ስጠይቃት ታሪኩ እንዲህ ነው። ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቀላ። ያዋለደችው ኡሙሊሶ፣ ማለት የልምድ አዋላጅዋ፣ ኩል ኳለችው፤ የጡት ወተትም ጠብ አደረገችበት። በአምስተኛው ቀን እናትየዋ ልጇን ይዛ ወደ አንድ የጤና ድርጅት ሄዳ ነበር። እዚያም ያየው ሰው «ብርድ ነው፣ ይለቀዋል» ብሎ መለሳት። ይኸው በዘጠነኛው ቀን እኔ ዘንድ ደረሰች። ዓይኑን በጨው ውኃ አጥቤ ቆቡን ቀስ ብዬ ስገልጠው የቀኙ የዓይን ብሌን ቀድሞውኑ ፈንድቷል። የግራውም እንደ ወተት ነጭ ሆኗል። ፔኒሲሊን ወጋሁትና በጭነት መኪና ወደ ሐረር ላክኋቸው። ሕይወቱ ተረፈ፤ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም።

ለብዙ ዓመታት በልቤ የተመላለሰው ጥያቄ «ጥፋተኛው ማነው?» የሚል ነበር። እናትየዋን እንዳልል፣ አራስ ሆና በፀሐይ ስንት ሰዓት ተጉዛለች። ኡሙሊሶዋን እንዳልል፣ የምታውቀውንና ከእናቷ የተማረችውን አደረገች። «ይለቀዋል» ያለውን ሰው እንኳ ብወቅሰው፣ የቀላ የጨቅላ ዓይን ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስገድደው በጽሑፍ የተሰጠው ነገር ይኑር አይኑር እንጃ። ሁሉም ሰው ነበረ፤ ተጠያቂ ግን አልነበረም። በኋላ ስለ ዶክተር ሃው ሳነብ ይህንኑ ጥያቄ እርሳቸው ከመቶ ዓመት ያህል በፊት ጠይቀውት፣ መልሱንም በሕግ ለማስጻፍ ሲታገሉ እንደኖሩ ተረዳሁ።

ሰውየውና ዘመናቸው

ሉሲየን ሃው በ1848 በአሜሪካ በሜይን ክፍለ አገር ስታንዲሽ በምትባል ከተማ ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን በኒው ዮርክ ፈጽመው ወደ አውሮፓ ተሻገሩና ተጨማሪ ዕውቀት ቀሰሙ። ጊዜው የዓይን ሕክምና በፍጥነት የሚያድግበት ነበር። ሄልምሆልትስ የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ የዓይንን ውስጥ ማያ መሣሪያ በ1851 ከሠሩ ወዲህ፣ ሐኪሞች ቀድሞ ጨለማ የነበረውን የዓይን ጓዳ ማየት ችለው ነበር።

ሃው ወደ አገራቸው ተመልሰው የሠፈሩት ቡፋሎ በምትባለው ከተማ ነው። ቡፋሎ በኒው ዮርክ ክፍለ አገር ዳርቻ፣ ከካናዳ ድንበር ላይ የተቀመጠች፣ ንግድ የሚበዛባት፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። እንግዲህ የድንበር ከተማ ምን እንደምትመስል እኛ ጅጅጋዎች እናውቀዋለን። ሃው በዚያች ከተማ በ1876 የዓይንና የጆሮ ሕክምና ቤት አቋቋሙ። በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲም ስለ ዓይን ሕክምና ለብዙ ዓመታት አስተማሩ።

ስለ እርሳቸው አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነውና። ሃው በ1888 ስለ ግብፅ የዓይን ሕመም አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። በሕፃናቱ ዓይን ላይ የሚርመሰመሱትን ዝንቦች ተመልክተው፣ ዝንብ በሚበዛበት ወቅትና ቦታ የዓይን ሕመሙም እንደሚበዛ አስተውለው፣ በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን የሚያሻግረው ዝንብ ነው አሉ። ዛሬ ዝንብ ትራኮማን እንደሚያዛምት የማያውቅ የጤና ባለሙያ የለም። በዚያን ጊዜ ግን በዝንብ ላይ ጣት መቀሰር ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ሰውየው በሽተኛው ወንበር ላይ እስኪቀመጥ የሚጠብቁ ዓይነት ሐኪም እንዳልነበሩ ከዚህ እንረዳለን። በሽታው ከየት ይነሣል፣ በማን እጅ ያልፋል ብለው የሚጠይቁ ነበሩ።

በሽታውና መከላከያው

የጨቅላው ዓይን ሕመም ከትራኮማ የተለየ ነው፤ እንዳይምታታብን። ትራኮማ በተደጋጋሚ እየተመላለሰ በብዙ ዓመት ውስጥ ዓይንን የሚያጠፋ ነው። የጨቅላው ግን በቀናት ውስጥ ይጨርሳል። እናት ጨብጥ ካለባት፣ ሕፃኑ በሚወለድበት ጊዜ ጀርሙ ወደ ዓይኑ ይገባል። ይህን ጀርም ኔይሰር የተባሉ ሐኪም በ1879 አገኙት። ሕፃኑ በተወለደ ከሁለት እስከ አምስት ባለው ቀን ዓይኑ ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ካልታከመም ብርሃን የሚያሳልፈው የፊተኛው የዓይን ክፍል ቆስሎ ይፈነዳል። ሌላም ክላሚድያ የሚባል ጀርም አለ፤ እርሱ ዘግየት ብሎ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይታያል። ልብ በሉ፤ እናትየዋ ራሷ ምንም ሕመም ላይሰማት ይችላል። ባሏም እንዲሁ። ስለዚህ ነገሩ የነውር ሳይሆን የሕክምና ነው።

የመከላከያውን መንገድ ያሳዩት ካርል ክሬዴ የተባሉ በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ የማዋለጃ ሆስፒታል ኃላፊ ናቸው። እኚህ ሰው ከ1880 ጀምሮ ሕፃኑ እንደተወለደ ዓይኑን አጥበው፣ ሲልቨር ናይትሬት ከተባለው መድኃኒት በእያንዳንዱ ዓይን አንድ ጠብታ ማድረግ ጀመሩ። በሆስፒታላቸው ቀድሞ ከመቶው ሕፃን አሥር ያህሉን ይይዝ የነበረው በሽታ ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። አንድ ጠብታ! ዋጋውም ከሳንቲም የማይበልጥ።

እንግዲህ ዕውቀቱ ነበረ። መድኃኒቱም ነበረ። ሕፃናቱ ግን መታወራቸውን አላቆሙም። ለምን? በዚያን ጊዜ በአሜሪካም ቢሆን ብዙው ሕፃን የሚወለደው በቤት፣ በአዋላጅ እጅ ነበር። የላይፕሲግ ወሬ ወደ አዋላጇ ጆሮ አልደረሰም። የደረሳትም ብትሆን እንድታደርገው የሚያስገድዳት ነገር የለም። ሐኪሙ ዘንድ የሚመጣው ዓይኑ ከፈነዳ በኋላ ነው። ልክ እኔ ዘንድ እንደመጣው ልጅ።

በ1890 የወጣው ሕግ

ሃው የወሰዱት መንገድ ከዚህ ላይ ይለያል። «ሐኪሞች ተጠንቀቁ» ብሎ መምከር ብቻውን እንደማይበቃ ተገንዝበው ወደ ሕግ አውጭው ሸንጎ ሄዱ። በብርቱ ጥረታቸውም በ1890 በኒው ዮርክ ክፍለ አገር በኋላ «የሃው ሕግ» ተብሎ የታወቀው ሕግ ወጣ። በእኛ አቆጣጠር 1882 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ዘውድ የጫኑበት፣ አገራችንም በክፉ ቀን ረሃብ ውስጥ የነበረችበት ዓመት።

ሕጉ አጭር ነበር። ፍሬ ነገሩም ይኸው ነው፦ ሕፃን በእጇ ያለች አዋላጅ ወይም አስታማሚ፣ ሕፃኑ ከተወለደ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዱ ወይም ሁለቱ ዓይኑ ቀልቶ ወይም አብጦ ብታይ፣ በሰዓታት ውስጥ ለአካባቢው የጤና ሹም ወይም ፈቃድ ላለው ሐኪም በጽሑፍ ማስታወቅ ግዴታዋ ነው። ይህን ሳታደርግ ብትቀር በገንዘብ መቀጮ ወይም በእስራት ትቀጣለች።

እስቲ ሕጉን መርምሩት። አዋላጇን በሽታውን እወቂ፣ ስሙን ጥሪ፣ አክሚ አላላትም። የጠየቃት ማየትና መናገር ብቻ ነው። መቅላቱን ለማየት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ሲልቨር ናይትሬትም መጠኑ ከበረታ ዓይን የሚያቃጥል መድኃኒት ነውና፣ በእኔ ግምት ጠብታውን ላልሠለጠነ እጅ ከመስጠት ይልቅ ማስታወቅን ማስቀደሙ ብልህነት ነበር። ሁለተኛም ሕጉ «ይህ በሽታ ከየት መጣ?» ብሎ እናትን አልመረመረም፤ አላሳፈረምም። የሕፃኑን ዓይን ብቻ ነው ያየው። ሦስተኛም ጊዜውን ቆረጠ። «ሲመቻት» አላለም።

ጉድለትም ነበረበት፤ መሸፋፈን አይገባም። ሕጉ ስም ጠርቶ ያሰረው አዋላጇንና አስታማሚዋን ነው። ሐኪሙን አላሰረም። ሐኪሙ «ይለቀዋል» ብሎ ቢመልስስ? ሕጉ ዝም ይላል። ሕግ የሚያረቅ ሰው ግዴታውን በሌላው ትከሻ ላይ ጭኖ የራሱን ሙያ ጓደኛ መርሳቱ በየትም አገር ያለ ነው። በእኛም እድር ቢሆን ስንት ጊዜ ነው የቅጣት አንቀጽ ሲጻፍ ኮሚቴው ራሱን የረሳው? ይህን ስል ማንንም ለመንካት አይደለም።

ደንብ ወጥቶ ሥራ ሲቀር

የኒው ዮርክን ምሳሌ ሌሎች የአሜሪካ ክፍላተ አገራትም ተከተሉ። ነገር ግን ሕጉ ወጣ ማለት ሥራው ተሠራ ማለት አልነበረም። ብዙ አዋላጆች ሕጉ መኖሩን አያውቁም ነበር፤ የሚከታተልም አልነበረም። በዚህም ምክንያት በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ከሚገቡት ልጆች ሩብ ያህሉ በዚሁ በጨቅላ ዓይን ሕመም የታወሩ ሆነው ተገኙ። ሕጉ ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል እኮ!

ያን ጊዜ ትግሉ የአንድ ሰው መሆኑ ቀረ። እዚያው ቡፋሎ የነበሩ ፓርክ ሉዊስ የተባሉ ሌላ የዓይን ሐኪም፣ ሉዊዛ ሊ ስካይለር ከተባሉ ለሕዝብ ጥቅም የቆሙ ወይዘሪት ጋር ሆነው፣ በ1908 በኒው ዮርክ ዓይነ ስውርነትን የሚከላከል ኮሚቴ አቋቋሙ። ይህም በኋላ አገር አቀፍ ማኅበር ሆነ። በሕፃንነቷ ዓይኗንም ጆሮዋንም ያጣችው ዝነኛዋ ሄለን ኬለርም በ1907 ሴቶች በሚያነቡት መጽሔት ላይ ስለዚህ በሽታ በግልጽ ጻፈች። ጨዋ ሰው በማያነሣው ጉዳይ እርሷ ደፍራ ስለጻፈች እናቶች ሰሙ። ቀስ በቀስም የጤና ቢሮዎች ጠብታውን ለአዋላጆች በነፃ ማደል ጀመሩ፤ አዋላጆችም ሠለጠኑ። በየክፍለ አገሩም ጠብታውን ራሱን ግዴታ የሚያደርጉ ሕጎች ወጡ። በእንግሊዝ አገርም ይህ በሽታ ሲታይ ለመንግሥት እንዲነገር በ1914 ተደነገገ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በዚህ በሽታ ምክንያት ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚገባ ሕፃን በአሜሪካ እጅግ ጥቂት ሆኖ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ሕጉ በሩን ከፈተ። በበሩ እንዲገባ ያደረገው ግን የሰዎች ክትትል፣ ነፃው መድኃኒትና ነውሩን የሰበረው ንግግር ነው። በእድር ቋንቋ ብናገር፣ መተዳደሪያ ደንብ ያለ ጥሩምባ ነፊ ምን ይሠራል?

ሁለተኛው ረቂቅ

ከዚህ ላይ ብቆም ደስ ባለኝ ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ በእኛ ልማድ የሞተ ሰው ስሙ ሲነሣ በጎው ብቻ ይነገርለታል። በለቅሶ ቤት እንዲህ መሆኑ ተገቢ ነው። ታሪክ ስንጽፍ ግን እውነቱን ካላስቀመጥን አንባቢን ማታለል ይሆናል።

ዶክተር ሃው በስተርጅና ወደ ሌላ ሕግ ዞሩ። በዚያን ዘመን በአሜሪካም በአውሮፓም «የሰውን ዘር እናሻሽል» የሚል አስተሳሰብ ተስፋፍቶ ነበር። ትምህርቱ፣ ደካማ ወይም በሽተኛ የሚሉት ሰው እንዳይወልድ በሕግ መከልከል አለበት የሚል ነው። ሃው የዚህ እንቅስቃሴ ደጋፊ፣ በመጨረሻም በዘርፉ የቆመ አንድ የምርምር ማኅበር ፕሬዚደንት ሆኑ። በ1920ዎቹም በዘር የሚተላለፍ የዓይን ጉድለት አለባቸው የሚባሉ ሰዎች ጋብቻ በፍርድ ቤት እንዲታገድ፣ ወይም ሊወለድ ለሚችል ዓይነ ስውር ልጅ ወጪ አስቀድሞ የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዙ የሚያደርግ ረቂቅ አዘጋጅተው ተሟገቱለት። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

ሃው በታኅሣሥ ወር 1928፣ በእኛ 1921 ዓ.ም.፣ ራስ ተፈሪ ንጉሥ በተባሉ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ በ80 ዓመታቸው ዐረፉ። በስጦታቸው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ምርምር ቤት ተቋቁሟል። በስማቸውም ሜዳልያ ተሰይሞ ነበር። እርሳቸው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1933፣ የናዚ መንግሥት በጀርመን ሰዎችን በግድ የማምከን ሕግ ሲያወጣ፣ በዘር የሚተላለፍ ዓይነ ስውርነትን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ዘረዘረው። ሃው ያንን አላዩም፤ እርሳቸው የጻፉትም አይደለም። አስተሳሰቡ ግን የት ሊያደርስ እንደሚችል እናያለን።

አንድ ሰው ሁለት ሕግ። የመጀመሪያው «ይህ ሕፃን ዓይኑን እንዳያጣ ማን ምን ያድርግለት?» ይላል። ሁለተኛው «ይህ ዓይነ ስውር ወጪ እንዳያስወጣን ምን እንከልክለው?» ይላል። ሁለቱም ዓይነ ስውርነትን ለመከላከል በሚል ስም የተጻፉ ናቸው። አንደኛው ግን ከበሽተኛው ጎን ይቆማል፤ ሁለተኛው በበሽተኛው ላይ ይነሣል። ስለ በሽተኛ ደኅንነት የሚወጣን ማንኛውንም ሕግ መመዘኛው ይኸው ይመስለኛል።

ያ በሻሽ ተሸፍኖ የመጣው ልጅ ዛሬ የእድራችን አባል ነው። ስሜን አትጥራ ስላለኝ አልጠራውም። ሁላችሁንም በድምፃችሁ ያውቃችኋል። ሚስት አግብቷል፤ ልጆች አሉት፤ መዋጮውንም አንድ ወር አሳልፎ አያውቅም። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት አነበብኩለት። ጥቂት ዝም ብሎ «ጋሼ፣ ለመጀመሪያው ሕግ እጃቸውን እስማለሁ፤ ሠርጌ ላይ ግን አልጠራቸውም» ብሎ ሳቀ። እኔ ከዚህ የተሻለ ፍርድ የለኝም።

በእኛ አገርስ?

በኢትዮጵያ የባለሙያ ኃላፊነት በሕግ የታወቀ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ማንም የሙያ ሥራ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ ማክበር እንዳለበት ይናገራል። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 661፣ ቀጥሎም በ2006 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 299 ሲወጡ፣ የጤና ባለሙያ ፈቃድና የጤና ተቋም ደረጃ በዝርዝር ተደነገጉ። በእነዚህ ሕጎች ዘመን የሥነ ምግባር ኮሚቴ የበሽተኛን አቤቱታ ይመረምር ነበር። ዓይነ ስውራንን በሚመለከትም፣ የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአካል ጉዳተኛን የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት መብት ያረጋግጣል። የሃው ሁለተኛ ረቂቅ እንግዲህ በእኛ አገር ቦታ የለውም ማለት ነው። ደግሞስ ስንት የቅኔ መምህር፣ ስንት ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ሐፊዝ ዓይነ ስውር አይደለም?

ስለ ጨቅላው ዓይንም፣ ዛሬ በጤና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት ሕፃን እንደተወለደ በሁለቱም ዓይኑ ቴትራሳይክሊን የተባለው የዓይን ቅባት ይደረግለታል። ያቃጥል በነበረው በሲልቨር ናይትሬት ፋንታ መሆኑ ነው። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ለሚወለደው ሕፃን ይህ የተለመደ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው አሉ።

ችግሩ ያለው በቤት ከሚወለደው ላይ ነው። በአውበሬ፣ በቀብሪበያህ፣ በሀርተሼክ ገጠር ዛሬም በኡሙሊሶ እጅ የሚወለድ ሕፃን አለ። በሶማሌ ወገኖቻችን ልማድ አራስ አርባ ቀን እስኪሞላት ከቤት አትወጣም፤ በእኛም ዘንድ አራስ ትሸፈናለች፤ ቤቱም ይጨልማል። ልማዱ እናትን የሚያሳርፍ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን የሃው ሕግ ነቅታችሁ ጠብቁ ያላቸው ሁለት ሳምንታት የሚያልፉት በዚያው በጨለማው ቤት ውስጥ ነው። አርባው ሲወጣ ዓይኑ ጠፍቷል።

ትራኮማውም አልለቀቀንም። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶው 40 ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ በዘመቻ ሲታደል ኖሯል። ሆኖም ሃው በ1888 ያመለከቱት ዝንብ ዛሬም አለ። ፊት መታጠብና ቆሻሻን መቅበር ዛሬም ያስፈልጋል።

ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ

እድራችን ሕግ የሚያወጣ ሸንጎ አይደለም። ነገር ግን ደንብ አለው፤ በየቤቱም ይገባል። አባል ሲሞት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድንኳን የምንተክል ሰዎች፣ አባል ስትወልድ ገንፎ ለመብላት የምንሄድ ሰዎች ነን። እንግዲያው የሚከተለው በደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ ሆኖ እንዲጨመር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ አራስ ለመጠየቅ የሚሄዱ እናቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሕፃኑን ዓይን በብርሃን ይመልከቱ። የቀላ፣ ያበጠ ወይም መግል ያለበት ሆኖ ካገኙት በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። «ይለቀዋል» ቢባሉ እንኳ እንደገና ይጠይቁ። መጓጓዣ ካስቸገረ እድሩ ይክፈል።

ሁለተኛ፣ ሕፃን በቤት ከተወለደ ቅባቱ እንዲደረግለት በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይነገር። ኩል፣ የጡት ወተት፣ ሻይ ወይም ቅጠል በሕፃን ዓይን ውስጥ አይግባ።

ሦስተኛ፣ ነፍሰ ጡር እናቶች ክትትላቸውን በጊዜው ይጀምሩ። ሕመም ከተገኘም ባልና ሚስት አብረው ይታከሙ። ይህን በሚመለከት ማንም ማንንም እንዳያሳፍር።

አራተኛ፣ ይህን ግዴታ ኮሚቴው ራሱ እንደማንኛውም አባል ይጠበቅበት። የሃው ሕግ የዘነጋውን እኛ አንዘንጋ።

በወጣትነታችን በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚል ተለጥፎ ነበር። ቃሉ አርጅቶ ይሆናል፤ ነገሩ ግን አላረጀም። ዶክተር ሃውን የማከብራቸው ዓይን በማዳናቸው ብቻ አይደለም፤ ዓይን የሚያድን ሐኪም ብዙ ነው። የማከብራቸው የአንድ ሕፃን ብርሃን ዕድል እንደጣለው እንዳይሆን፣ ከአጠገቡ ያለችው ሰው የማየትና የመናገር ግዴታ እንዲኖርባት በጽሑፍ ስላስደረጉ ነው። የሳቱበትንም እንዲሁ በጽሑፍ አስቀምጫለሁ።

የአንቀጹን ረቂቅ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እንድትነጋገሩበት አደራ እላለሁ።